«በዘራችን ነው» ስንል

ዲላ ላይ ስለ ደም ግፊት ወሬ ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ የሚሰማ አንድ መልስ አለ፤ «እሱማ በዘራችን ነው» የሚል። ተናጋሪው የቡና ነጋዴ ይሁን የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጌዴኦ ይሁን ስልጤ ወይም ጉራጌ ቃሉ አይለወጥም። አባቴ በግፊት ሞተ፣ አጎቴን በግፊት ግማሽ አካሉን አሰነከለው፣ እኔም ተራዬን እጠብቃለሁ ማለት ነው። ቃሏ አጭር ናት። ይሁን እንጂ እውነትና ሐሰት በአንድ ላይ ታጭቀውባታልና ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

ችግሩ ከቋንቋችን ይጀምራል። ዘር የምንለው ገበሬው መሬት ላይ የሚበትነውን ፍሬ ነው። ዘር የምንለው ከአባትና ከእናት የሚወረደውን ትውልድ ነው። ባለፉት ሠላሳ ምናምን ዓመታት ደግሞ ዘር ማለት ከሁሉ በፊት ብሔር ማለት ሆኖብናል። ሐኪሙ «በዘር የሚተላለፍ» ሲል ከወላጅ ወደ ልጅ ማለቱ ነው። ሰሚው ግን አንዱን «ዘር» ይዞ ገብቶ ሌላውን «ዘር» ይዞ ይወጣል። «በቤታችን አለ» የነበረው «የእኛ ሕዝብ እንዲህ ነው» ይሆናል። ከቤት ወደ ሕዝብ የምትደረገው ይህች ዝላይ ናት ለዛሬው ጽሑፌ ምክንያት የሆነችኝ።

በመጀመሪያ እውነት የሆነውን እንያዝ። ደም ግፊት በቤተሰብ ውስጥ ይሄዳል። ወላጁ ግፊት ያለበት ሰው ከሌላው ይበልጥ ተጋላጭ ነው፤ በአንድ ሕዝብ ውስጥ በሰዎች መካከል ከሚታየው የግፊት ልዩነት ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከውርስ ጋር የተያያዘ እንደሆነ አጥኚዎች ይገምታሉ። አንድ ዘረ-መል ብቻ ተበላሽቶ ከባድ ግፊት የሚያመጣባቸው ቤተሰቦችም አሉ። ሊድል የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 እንዲህ ያለ ቤተሰብ አግኝቶ ጻፈ፤ ተጠያቂው ዘረ-መል ደግሞ በ1994 ተለየ። የሚገርመው፣ ኋላ ላይ ከተገኙት ከእነዚህ ብርቅ ሕመሞች አብዛኞቹ መንገዳቸው አንድ ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ኩላሊት ጨውን እንዴት እንደሚይዝና እንዴት እንደሚለቅ። ኩላሊት ጨው ሲይዝ ውኃ ይይዛል፤ ውኃ ሲይዝ በደም ሥሮች ውስጥ ያለው መጠን ይጨምራል፤ ግፊቱም ከፍ ይላል።

ነገር ግን እንዲህ ያሉት ቤተሰቦች በዓለም ላይ በጣም ጥቂት ናቸው። የእርስዎም የእኔም ግፊት ከአንድ ዘረ-መል አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተመረመሩበት ትልቅ ጥናት ሲወጣ፣ ከግፊት ጋር የተያያዙት የዘረ-መል ቦታዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሆነው ተገኙ። የአንዱ ድርሻ ግን ኢምንት ነው፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሚሊሜትር ሜርኩሪ እንኳ አይሞላም። ከተመረመሩት ሰዎች አብዛኞቹም የአውሮፓ ተወላጆች ነበሩ። የጌዴኦ ገበሬ ደም በዚያ ስሌት ውስጥ የለም።

እንግዲህ ወደ ዝላይዋ እንምጣ። የአንድ ቤት ውርስ የአንድ ሕዝብ ዕጣ ነውን?

ለዚህ መልስ ለመስጠት የይርጋ ጨፌ ሰው ከማንም ይቀርባል። ከአንድ ጆንያ የተወሰደ የቡና ዘር በእንሰትና በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ከተተከለ አንድ ነገር ይሆናል፤ ያው ዘር ሞቃት በሆነ ቆላ፣ ያለ ጥላ፣ በደከመ አፈር ላይ ቢተከል ሌላ ነገር ይሆናል። በአንዱ ማሳ ውስጥ አንዱ ግንድ ከሌላው በልጦ ቢያፈራ ምክንያቱ ዘሩ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ ማሳዎች መካከል ላለው ልዩነት ግን ዘሩን የሚከስ ገበሬ የለም፤ አፈሩንና ጥላውን ነው የሚያየው። ለቡናው ያወቅነውን ለሰው ስንነግረው ለምን ይጠፋብናል?

ማስረጃው በሰውም ላይ ታይቷል። የዓለም ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት፣ በ32 አገሮች ከ10,000 በላይ ሰዎችን ባካተተ የጨውና የግፊት ጥናት ውስጥ፣ በብራዚል ጫካ የሚኖሩ ያኖማሚ የተባሉ ነባር ሕዝቦች አማካይ ግፊት 95 በ61 ገደማ ነበር። ጨው ወደ ምግባቸው አይጨምሩም፤ ዕድሜያቸው ሲገፋም ግፊታቸው እምብዛም አይጨምርም። አንድ ሰው «እሱ የዘራቸው ጸጋ ነው» ሊል ይችላል። በፓናማ ደሴቶች የሚኖሩትን ኩና የተባሉትን ሕዝቦች ግን ይመልከት። በደሴታቸው ሳሉ ግፊታቸው ዝቅተኛ ነው። ወደ ፓናማ ከተማ የተሻገሩት የሥጋ ዘመዶቻቸው ግን እንደማንኛውም ከተሜ ግፊት ይይዛቸዋል። ጀልባ ላይ ሲሳፈሩ ዘረ-መላቸው አልተቀየረም።

ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ብንመጣም ነገሩ ያው ነው። ከምዕራብ ኬንያ ገጠር ወደ ናይሮቢ የፈለሱ የሉዎ ተወላጆችን የተከታተለው፣ በ1990 የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎቹ ከተማ በገቡ በወራት ውስጥ ከገጠር ከቀሩት ወንድሞቻቸው ይልቅ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። በሽንታቸው ውስጥ ያለው ሶዲየም ጨምሯል፤ ፖታሲየም ቀንሷል። ጨው በዛ፣ ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር አነሰ ማለት ነው። በአገራችንም በ1994 የወጣ ጥናት ከፊል ዘላን የሆኑ ኦሮሞዎችን ከከተሜ ኦሮሞዎች ጋር አነጻጽሮ ግፊቱ በከተሜዎቹ ዘንድ በዝቶ አግኝቶታል። ሕዝቡ አንድ፣ ኑሮው ሁለት ነው። በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያንም ሲደርሱ ዝቅ ያለ የነበረው ግፊታቸው እዚያ ኑሮ ሲጀምሩ ከፍ እያለ መሄዱን የዚያው አገር ሐኪሞች ጽፈዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ የተደረገና በ2009 የወጣ ጥናት ከአዋቂዎች መካከል 31.5 በመቶ ወንዶችና 28.9 በመቶ ሴቶች ከፍተኛ ግፊት እንዳለባቸው አመልክቷል። በአገር አቀፍ ደረጃ በ2015 የተደረገው ቅኝት ያገኘው ግን ወደ 16 በመቶ ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ከየብሔሩ የተውጣጣ ስለሆነ «የአዲስ አበባ ዘር» የሚባል ነገር የለም። የአዲስ አበባ ኑሮ የሚባል ነገር ግን አለ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለክርክር ያህል አይደለም፤ የተሳሳተው «ዘር» ሰው ስለሚጎዳ ነው። በአሜሪካ ጥቁሮች ላይ የደረሰውን እንይ። ግፊት ስለበዛባቸው «የጥቁር ደም ነው» ተባለ። እንዲያውም በባሪያ ንግድ መርከብ ላይ ጨው በሰውነታቸው መያዝ የቻሉት ብቻ ተርፈው ስለነበር ልጆቻቸው ጨው ያዥ ሆኑ የሚል መላ ምት ተነሥቶ ለዓመታት ተነገረ። ፊሊፕ ከርቲን የተባለው የባሪያ ንግድ ታሪክ አዋቂ በ1992 መላ ምቱ በታሪክ ማስረጃ እንደማይደገፍ ጽፎ አፈረሰው። በ2005 ደግሞ ሪቻርድ ኩፐርና ባልደረቦቹ የብዙ አገር መረጃ ጎን ለጎን አስቀመጡ። በጥቁሮች ዘንድ ግፊቱ ከ14 እስከ 44 በመቶ፣ በነጮች ዘንድ ከ27 እስከ 55 በመቶ ሆነ። ዝቅተኛው 14 የናይጄሪያ ገጠር ነው፤ ከፍተኛው 55 የጀርመን ነው። ደሙ ቢሆን ኖሮ ናይጄሪያዊው ከጀርመናዊው መብለጥ ነበረበት።

የእኛ ሰው በዚህ ነገር ውስጥ የገባበት መንገድ ደግሞ ከሁሉ ይደንቃል። ከ2010 ወዲህ እንደታወቀው፣ ኤፒኦኤል-አንድ በተባለው ዘረ-መል ላይ የሚገኙ ሁለት ለውጦች ኩላሊትን ለከባድ ሕመም ያጋልጣሉ። ለውጦቹ በምዕራብ አፍሪካ ብዙ ናቸው፤ ከዚያ የመነጩትን አሜሪካውያን ጥቁሮችም ይነካሉ። በ2011 ኢትዮጵያውያን ላይ በተደረገ ጥናት ግን እነዚያ ለውጦች አልተገኙም። ይህም ሆኖ ዋሽንግተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሆስፒታል ሲገባ ቅጹ ላይ «ጥቁር» ከሚለው ፊት ምልክት ይደረግለታል፤ ሐኪሙም የምዕራብ አፍሪካን ውርስ በልቡ ይዞ ያየዋል። እስከ 2021 ድረስ የኩላሊትን አቅም የሚያሰላው ቀመር ራሱ ለጥቁር ሰው የተለየ ማባዣ ነበረው። የማባዣው ውጤት ኩላሊቱ ከሆነው በላይ ደህና መስሎ እንዲታይና ለንቅለ ተከላ የሚደርስበት ተራ እንዲዘገይ ማድረግ ነበር። አንድ ቃል፣ አንድ ምልክት፣ ከዚያም የሰው ኩላሊት።

ለሚዛን ያህል ሌላውንም ልበል። ሐኪሞች ሰፊ ሕዝብን አይተው የሚጠቅም ነገር የሚያገኙበት ጊዜ አለ። በ2019 የወጣው፣ ከሰሃራ በታች ባሉ ስድስት የአፍሪካ አገሮች የተካሄደ የመድኃኒት ሙከራ አምሎዲፒን ያለባቸው ጥምረቶች ከሌላው ጥምረት የተሻለ ግፊት እንደሚያወርዱ አሳይቷል። ይህ ጥሩ ነው። ይሁንና እንዲህ ያለው እውቀት ሐኪሙ ምርጫውን ከየት እንደሚጀምር ይጠቁመዋል እንጂ ፊቱ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ አይነግረውም።

ወደ ጌዴኦ ልመለስ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስለዚህ አገር ሊያጠና የሚመጣው ሰው እየበዛ መሄዱ አይቀርም። አንድ ቀን የሕዝቡን ደም ቀድቶ ዘረ-መሉን የሚያጠና ቡድን ቢመጣ እኔ በበኩሌ አልቃወምም። የእኛ ደም በዓለም መዝገብ ውስጥ ባለመኖሩ የምንጎዳው እኛው ነን። ግን ደም አማና ነው። በአሪዞና በግራንድ ካንየን ውስጥ የሚኖሩት ሐቫሱፓይ የተባሉ ነባር ሕዝቦች ከ1990 ጀምሮ ስለ ስኳር በሽታ ይጠናል ተብለው ደማቸውን ሰጡ። ኋላ ግን ደሙ ስለ አእምሮ ሕመም፣ ስለ ዘመዳሞች ጋብቻና ስለ ጥንት ፍልሰት ለሚደረግ ጥናት ውሎ ተገኘ፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ከስድስት ዓመት ሙግት በኋላ በ2010 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለ41 ሰዎች 700,000 ዶላር ለመክፈልና የቀረውን ደም ለመመለስ ተስማማ። የተሰጠው ደም ጥቂት ጠብታ ነው። የተወሰደው ግን የሕዝቡ ስም ነበር።

እኛ አገር ደግሞ ስም ከዚያም በላይ ያስከፍላል። እንደ ሽማግሌዎች ትውፊት ጌዴኦ፣ ጉጂና ቦረና የወንድማማቾች ልጆች ናቸው። በ2018 ግን በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። እንዲህ ባለ አገር «የእነ እገሌ ዘር በሽተኛ ነው» የምትል አረፍተ ነገር፣ በሳይንስ ስም እንኳ ብትነገር፣ ከተናጋሪው እጅ ወጥታ የት እንደምትደርስ ማን ያውቃል?

ይህ የሕዝቡ ነገር ነው። የግለሰቡ ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ «በዘራችን ነው» የምትለዋ ቃል ከእምነት ጋር ትገናኛለች። ብዙ ሙስሊም ወንድሞቻችን «ዘር» ያሏትን ነገር ወዲያው «ቀደር» ብለው ይተረጉሟታል። ከአላህ የተጻፈ ነውና ክኒን ምን ያደርጋል ይላሉ። ዲላ ላይ የማከብራቸው አንድ አዛውንት የቡና ነጋዴ አሉ። ሐኪም ያዘዘላቸውን ክኒን ሁለት ወር ወስደው ተዉት።

«ሐጂ፣ መድኃኒቱን ለምን አቋረጡት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አባቴም በዚሁ ነው የሄዱት። የዘር ነገር በክኒን ይመለሳል እንዴ?»

«ታዲያ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት የሚበሉት ለምንድን ነው?»

ሳቁ። «እሱማ ምግብ ነው» አሉኝ።

ሐጂን የግመሏን ሐዲስ አላስተምራቸውም፤ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። የዑመርንም (ረ.ዐ) ታሪክ ያውቃሉ። ኸሊፋው ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ቦታ ደርሰው ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ፤ ከሶሓቦች ጋር ተመካክረውም ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ሲሏቸው፣ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር መሄድ ነው የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጧቸው። እንግዲህ ከአባት የወረስነው ተጋላጭነት ቀደር ከሆነ፣ ክኒኑስ? ጤና ጣቢያው ያለበት መንገድስ? ጨው መቀነስስ? ቀደርን ለበሽታው ብቻ ሰጥቶ ለመድኃኒቱ መንፈግ ከየት የመጣ ፊቅህ ነው?

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ይህ ነው። «በዘራችን ነው» ብሎ ክኒን የሚተወው ሰው ልጁን ሊድር ሲል ይህችኑ ቃል ከአፉ አያወጣትም። ሽማግሌ ሲላክ፣ የወደፊት አማቾች በጓሮ በር ስለ ቤቱ ሲጠይቁ፣ «ቤተሰቡ ጤነኛ ነው» ይባላል። በአገራችን «በዘር የሚሄድ በሽታ አለባቸው» የሚል ወሬ ልጅ ያለ ትዳር ያስቀራልና ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ቃሏ መድኃኒት ለመተው ስትፈለግ ትወጣለች፤ ልጅን ለማስጠንቀቅ ስትፈለግ ትደበቃለች። የቤተሰብ ታሪክ አንድ እውነተኛ ጥቅም ቢኖረው ልጁ በጊዜ እንዲለካ ማድረጉ ነው፤ ግፊት ለዓመታት ምንም ሳያሳምም የሚኖር በሽታ ነውና። ያንን ጥቅም ቀብረን ጉዳቱን ብቻ ይዘን ቀርተናል።

ይህን ስል ጥፋቱን ሁሉ በሕመምተኛው ላይ መጫኔ እንዳይመስል። «ዘርህ ነው» ከማለት ቀጥሎ የሚመጣው ቀላል ፍርድ «ጥፋትህ ነው» የሚለው ነው። በ2015ቱ ቅኝት የኢትዮጵያዊው አማካይ የቀን ጨው 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 5 ግራም፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። አያቶቻችን አሞሌ ጨውን እንደ ገንዘብ የሚገበያዩበት ዘመን ነበር፤ ዛሬ በየሱቁ በርካሽ የሚሸጥ እሱ ነው። «ጎመን በጤና» የምንል ሕዝብ ነን፤ ዘይትና ቅቤ በተወደደበት ቤት ግን ጎመኑን የሚያጣፍጠው ጨው ብቻ ነው፤ በደቡብ ገጠር ቡናውም በጨው ይጠጣል። በመጠለያ የሰጡትን የሚበላ ተፈናቃይስ ምን መርጦ ምን ይተዋል? ጫት የሚቅመው ወጣት ግፊቱን በገዛ እጁ ከፍ ያደርጋል፤ እሱ መጠየቅ አለበት። መድኃኒት ፍለጋ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ተጉዛ «አልቋል» የተባለች እናት ግን ክኒኗን ባለመዋጧ ማንን ነው የምንወቅሰው? «በዘራቸው ነው» የምትለዋ ቃል ለባለሥልጣንም ትመቻለች፤ ዘር በጀት አይጠይቅም።

ሐጂን በቅርቡ ደግሜ አገኘኋቸው። የመጨረሻ ልጃቸው ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ይርጋ ጨፌ ላይ ቡና ይገዛል። ስለ አያቱ ነግረውት አያውቁም ነበር። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ነገሩትና ሄዶ ተለካ፤ 160 በ100 ሆኖ ተገኘ። አሁን በየቀኑ ክኒኑን ይወስዳል፤ ለሚስቱም ነግሯታል፣ በወጡ ውስጥ ጨው መቀነሷን ለአባቱ ስሞታ አሰምቷል። ሐጂም መድኃኒታቸውን እንደገና ጀምረዋል። ነጭ ሽንኩርቱን ግን አልተዉም።